በሊትር 25 ሽልንግ

ከሞያሌ ናይሮቢ የሚሄድ አውቶቡስ 200 ሊትር ናፍጣ ቢቀዳ፣ ከሚከፍለው ውስጥ 5,000 ሽልንጉ የመንገድ ጥገና ቀረጥ ነው፤ ተሳፋሪውም በትኬቱ ይጋራዋል። ቀረጡ እ.ኤ.አ. በ1993 በሕግ ተደነገገ፤ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በሊትር 25 ሽልንግ ሆኗል። ገንዘቡን የኬንያ መንገዶች ቦርድ ከሌላው ግብር ለይቶ ያስተዳድራል። መለየት ማለት ግን መቆለፍ አይደለም፤ በ2025 ከ25ቱ ሽልንግ 7ቱ ለሥራ ተቋራጮች ውዝፍ ክፍያ ተመደቡ። ያኔ ለጥገናና ለሌላው የመንገድ ሥራ የቀረው 18 ነበር።

ኢትዮጵያም በ1997 ከነዳጅ የሚሰበሰብ የራሷን የመንገድ ፈንድ አቋቁማለች። የእኛ የጠረፍ ሰዎች ጥያቄ እዚህ ላይ ይመጣል። ማዶ ቀድቶ ወደ ማርሳቢት የሚነዳ ሰው የሚከፍለው ለዚያኛው ፈንድ ነው፤ ጎማው የሚበላው ግን የወዲህኛውን አስፋልት ነው።