የታዘዘው ምግብና የሚበላው ምግብ፦ በውቤ በረሃ ዙሪያ የሥነ ምግብ ባለሙያዎች የሥራ ጫናና የአእምሮ ጤና

በኢትዮጵያ የጤና ባለሙያዎችን የሥራ ጫና የሚመለከቱ ጥናቶች በአብዛኛው ያተኮሩት በነርሶችና በሐኪሞች ላይ ነው። የሥነ ምግብ ባለሙያው በእነዚህ ጥናቶች ቢካተት እንኳ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ «ሌሎች» በሚለው ረድፍ ውስጥ ነው። ይህ ጽሑፍ ባለሙያው ከዚያ ረድፍ ወጥቶ ለብቻው ሊጠና የሚገባበትን ምክንያት ያቀርባል። መነሻ ሐሳቡም የዚህ ሙያ ጫና ከሥራ ሰዓት ርዝመት ወይም ከታካሚ ብዛት ይልቅ፣ ባለሙያው ያዘዘውን የሚፈጽሙት ሌሎች ሰዎች ከመሆናቸው ይመነጫል የሚል ነው።

ሙያው በአገራችን የበቀለበት መንገድ ለዚህ ሁኔታ አስተዋጽኦ አለው። በ1954 ዓ.ም. ገደማ በስዊድን ድጋፍ የተቋቋመው የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል ከጥቂት ዓመታት በኋላ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ፤ ፋፋ የተባለው የሕፃናት ተጨማሪ ምግብም የዚያ ዘመን ፍሬ ነው። ተቋሙ ኋላ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ከሚባለው ጋር ተዋሕዷል። ትኩረቱ የሕዝብ ጤና ነበር፤ መቀንጨርና ረሃብ። መቀንጨር ዛሬም ቀላል ችግር አይደለም፤ የ2011 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና አነስተኛ ዳሰሳ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶ ያህሉ የቀነጨሩ መሆናቸውን አሳይቷል። በአልጋ ላይ ያለውን አዋቂ ታካሚ አመጋገብ የሚመራ የክሊኒክ ባለሙያ ግን በጤና ተቋማት ውስጥ አዲስ ገብ ነው። አማርኛችንም ተመራማሪውን፣ የወረዳ አስተባባሪውንና የሆስፒታሉን ባለሙያ በአንድነት «የሥነ ምግብ ባለሙያ» ይላቸዋል። ታካሚው ደግሞ አንዳንዴ የማድ ቤት ኃላፊ ያደርጋቸዋል።

ሮበርት ካራሴክ እ.ኤ.አ. በ1979 ባቀረበው ሞዴል፣ ጎጂ የሆነው የሥራ ዓይነት ብዙ የሚጠየቅበት ብቻ ሳይሆን፣ ብዙ እየተጠየቀ የመወሰን ሥልጣን የሚያንስበት ነው። ይህን ሐሳብ በውቤ በረሃ መፈተን ይቻላል። ሰፈሩ ስሙን ከደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድ እንዳገኘ ይነገራል፤ በጠጅ ቤቶቹና በሌሊት ሕይወቱም ለረጅም ጊዜ ታውቋል። ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው ግን ዝናው ሳይሆን ማድ ቤቱ ነው። በአራዳ ነባር ሰፈሮች ብዙ ቤተሰብ በቀበሌ ቤት ይኖራል፤ ማድ ቤቱ የጋራ፣ ድስቱ አንድ፣ ገበታውም አንድ ነው። ለደም ግፊት ታካሚ «ጨውና ዘይት ቀንስ» የሚል ምክር በእንግዳ መቀበያ ክፍል ለአባወራው ይሰጣል፤ ጨውና ዘይቱን የምትጨምረው ግን ባለቤቱ ወይም ልጁ ናት። ለአንድ ሰው ተለይቶ የሚሠራ ወጥ ተጨማሪ ከሰልና ተጨማሪ ጊዜ ይፈልጋል፤ በጋራ ገበታ ላይ ለብቻ መብላትም እንደ መገለል ይቆጠራል። ስለዚህ ምክሩ ትክክል ሆኖ ሳለ አይፈጸምም፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ውጤቱን የሚጠየቀው ባለሙያው ነው።

ከዚህ ሰፈር ወደ ስድስት ኪሎ ሽቅብ የሚወጣ ሰው በቃጠሎ ሕክምናው የሚታወቀውን የካቲት 12 ሆስፒታል ያገኛል። የቃጠሎ ሕክምና ለዚህ ሙያ አስረጅ ነው። ሰፊ ቃጠሎ የደረሰበት አካል ቁስሉን ለመጠገን ከወትሮው እጅግ የበለጠ ጉልበትና ፕሮቲን ይሻል፤ ምግቡ ከጎደለ ቁስሉ ሳይድን ይዘገያል፣ ለመመርቀዝም ይጋለጣል። በአገራችን የመንግሥት ሆስፒታሎች በጠቅላላው ግን የታካሚው ምግብ በከፊል ከቤት በምሳ ዕቃ የሚመጣ ነው። እንቁላል፣ ወተትና ሥጋ ማዘዝ ቀላል ነው፤ ታዛዡ የቀን ሠራተኛ ቤተሰብ ሲሆን ግን ትእዛዙ ሌላ መልክ ይይዛል። አንዱ ባለሙያ በመጽሐፉ መሠረት አዝዞ ይሄዳል፤ ሌላው የቤተሰቡን አቅም አይቶ ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ ላይ የተመሠረተ፣ ከሚገባው ያነሰ ዕቅድ ያወጣል። የመጀመሪያው ከእውነታው ይርቃል፤ ሁለተኛው ከእውቀቱ ጋር ይጣላል። አንድሩ ጄምተን እ.ኤ.አ. በ1984 ለነርሶች የገለጸው የኅሊና ጭንቀት፣ ማለትም ትክክለኛውን እያወቁ በተቋምና በሁኔታ ታስሮ አለመፈጸም፣ ለዚህ ሁለተኛ ባለሙያ ልክ ይሆናል።

ጾምም በዚሁ መልክ ሊታይ ይገባዋል፤ ብዙ ጽሑፎች እንደሚያደርጉት እንደ «ጎጂ ልማድ» ሳይሆን። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን የጾም ቀናት በዓመት ከ180 ይበልጣሉ፤ ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። የጾም ምግብ ራሱ ለስኳር ታካሚ መጥፎ አይደለም። አስቸጋሪው ኢንሱሊን ጠዋት ወስዶ እስከ 9 ሰዓት ሳይበሉ መቆየት ነው፤ የደም ስኳር በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። ቤተ ክርስቲያን ለሕሙማን ፈቃድ የምትሰጥ ቢሆንም ፈቃዱን ብዙ ታካሚዎች አይጠቀሙበትም። የረመዳን ወር ለሙስሊም ታካሚዎች ተመሳሳይ ጥያቄ ያስነሳል። ባለሙያው በእነዚህ ወራት ሥልጣኑን ከንስሐ አባትና ከእናት ቃል ጋር ይካፈላል፤ ይህን የመደራደር ሥራ የሚቆጥርለት የሥራ መዘርዝር ግን እምብዛም የለም።

ንጽጽሩ የሚጎላው ወደ ሕፃናት ክፍል ሲገባ ነው። በከፍተኛ የምግብ እጥረት የተጠቃ ሕፃን ሕክምና በደረጃ የተወሰነ ነው። የላይኛው ክንድ ዙሪያ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር ማነሱ ይለካል፣ የምግብ ፍላጎት ይፈተሻል፣ በኤፍ-75 ወተት ተጀምሮ ወደ ኤፍ-100 ወይም ለመመገብ ወደ ተዘጋጀ ገንቢ ምግብ ይታለፋል። ምግቡን የሚያቀርበው ተቋሙ ነው፤ የሕፃኑ ክብደት በሳምንታት ውስጥ ሲጨምር ባለሙያው ያያል። እዚህ ሥራው ከባድ ነው፣ ሕፃናትም ይሞታሉ፤ ሆኖም ትእዛዝና ውጤት ተያይዘው ይታያሉ። ስለዚህ በአንድ ሆስፒታል ውስጥ ሕፃናትን የሚያክመውና የአዋቂ ስኳር ታካሚዎችን የሚያማክረው ባለሙያ የተለያየ መልክ ያለው የሥራ መዛል ሊያሳዩ ይችላሉ። ክርስቲና ማስላክና ሱዛን ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት መለኪያ አነጋገር፣ በመጀመሪያው ዘንድ ስሜታዊ መዛሉ፣ በሁለተኛው ዘንድ ደግሞ «ሥራዬ ፋይዳ የለውም» የሚለው ስሜት ሊያይል ይችላል። ይህ ሊፈተን የሚችል መላምት ነው። ሁለቱን በአንድ አማካይ ውጤት የሚደባልቅ ጥናት ግን አያገኘውም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 የሥራ መዛልን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት እንጂ በሽታ አይደለም ብሎ መድቧል። ስለሆነም የመዛል መለኪያ ብቻውን ስለ አእምሮ ጤና አይናገርም፤ ለዚያ በኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ ያገለገለው ሃያ «አዎ/አይደለም» ጥያቄዎች ያሉት የድርጅቱ መጠይቅ አለ። እዚህም ጥንቃቄ ያሻል። ከጥያቄዎቹ መካከል የምግብ ፍላጎት መቀነስና የምግብ አለመፈጨት ይገኛሉ፤ መጠይቁ በዐቢይ ጾም ከተሞላ መልሱ ምን እንደሚለካ አጠራጣሪ ይሆናል። በሌላ በኩል ጭንቀቱን በጨጓራና በራስ ምታት ስም የሚናገር ማኅበረሰብ ውስጥ እነዚሁ ጥያቄዎች ከሐዘንና ከፍርሃት ጥያቄዎች ይልቅ ሐቀኛ መልስ ሊያስገኙ ይችላሉ። የማስላክ መለኪያ «ታካሚን እንደ ዕቃ ማየት» የሚለው ክፍል ወደ አማርኛ ሲመለስ እንደ ነውር ይሰማል፤ መላሹም «በፍጹም» ብሎ ያልፋል።

ሌላው እንቅፋት ቁጥር ነው። በአንድ ሆስፒታል ያሉት ባለሙያዎች በጣት የሚቆጠሩ ከሆነ፣ ዕድሜን፣ ፆታንና የአገልግሎት ዘመንን የሚጠይቅ ቅጽ ስም ባይጽፍም ስም ይናገራል። አለቃው መላሹን ያውቀዋል፤ መላሹም ይህን ስለሚያውቅ ደኅና ነኝ ይላል። ይህ በመላሹ የሥራ ዕድል ላይ ጉዳት ሊያመጣ የሚችል ስለሆነ የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴዎች እንደ ተራ ጉዳይ ሊያልፉት አይገባም። የአራዳን ተቋማት ብቻ ይዞ ጥናት የሚያካሂድ ተመራቂ የከተማዋን ሆስፒታሎች በሙሉ ማካተት፣ ናሙና ከመውሰድ ይልቅ ሁሉንም መጠየቅ፣ ውጤቱንም በተቋም ሳይከፋፍል ማቅረብ ይኖርበታል። በዚህ መጠን የሎጂስቲክ ሪግሬሽን ሠንጠረዥ ማቅረብ ለተመራቂው ልማድ ቢሆንም ለንባብ ብዙም አይጠቅም፤ ረጅም ቃለ መጠይቅ፣ ከሆስፒታሉ ግቢ ውጭ የተደረገ፣ የተሻለ ያስገኛል።

ቃለ መጠይቁም ባለሙያው ስንት ታካሚ እንዳየ ከመጠየቅ ይልቅ ባለፈው ሳምንት ያዘዛቸውን ምግቦች አንድ በአንድ እያነሣ ቢጀምር ይመረጣል፦ ማን ገዛው፣ ማን ሠራው፣ ታካሚው በላው ወይ፣ ካልበላስ ባለሙያው መቼ አወቀ? በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በአካባቢዋ ከነበሩ ሰፈሮች ብዙ ነባር ነዋሪዎች ወደ ከተማዋ ዳርቻ ከተዛወሩ ወዲህ፣ የመጨረሻው ጥያቄ ለአንዳንድ ታካሚዎች መልስ የሌለው ሊሆን ይችላል።