ጭነት ለምትቀበል ልጄ

ልጄ፣ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ አጠገብ የዕቃ መላኪያ ቤት ተቀጥረህ ሥራ መጀመርህን እናትህ ስትነግረኝ ደስም አለኝ፣ ሰጋሁም። በደሴና በአዲስ አበባ መካከል የሚመላለሰው ጭነት በእናንተ ደጅ ያልፋል፤ ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ አገራችን ከተኩስ አልወጣችም። እንደ አጎት ስለ አንድ ነገር ብቻ ልምከርህ፤ ተፈታትቶ ስለሚላክ ጠመንጃ።

፩. ክፍሉን እንደ ሙሉው ቁጠረው። ጥይቱን አጉርሶ ከኋላ የሚዘጋውን መቀርቀሪያ አይተኸው ታውቃለህ? ከመዳፍ ብዙም አይበልጥም፤ ዘይት የጠጣ፣ ከመጠኑ በላይ የሚከብድ ብረት ነው። ያለ እሱ ጠመንጃ ከዱላ አይሻልም፤ እሱ ሲገባለት ግን ሰው ይገድላል። ላኪው “መለዋወጫ ነው” ቢልህ አልዋሸህም፤ የምን መለዋወጫ እንደሆነ ግን አልነገረህም።

፪. ሕጉን ከሰው አፍ አትስማ፣ ራስህ አንብብ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝንም፣ ማዘዋወርንም፣ መነገድንም ከልክሏል። በ1993 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የጦር መሣሪያ ፕሮቶኮል ክፍሎችን በስም ይጠራል፦ አፈሙዝ፣ አካል፣ መቀርቀሪያ፣ ድምፅ ማፈኛ፤ ለጠመንጃ ተብሎ የተሠራና ያለ እሱ ጠመንጃው የማይሠራ ነገር ሁሉ ይገባበታል። የእኔ ፍላጎት ይህ ዝርዝር በአማርኛ ተጽፎ፣ ሥዕል ተጨምሮበት በየዕቃ መላኪያው ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ ነው። በደንብ ያልተዘረዘረ ክልከላ ሌባውን አልፎ ብሎን የጫነውን ረዳት ያሳስራል፤ እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

፫. ሽማግሌዎች “የመሣሪያ ቁጥጥር” ሲባል ፊታቸው ቢጠቁር አትፍረድባቸው፤ ምክንያት አላቸው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ ለንጉሥ ምኒልክ የሚሸጠውን ከ2,000 በላይ ጠመንጃ ይዞ ታጁራ ወደብ ላይ አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ተቀምጧል። በ1878 ፈረንሳይ ከእንግሊዝ ጋር ተስማምታ ወደ ሸዋ የሚገባውን መሣሪያ አግዳ ነበርና፣ የግመል እጦትም ነበርና። ቅፍለቱ በ1879 በፋሬ በኩል ሽቅብ ወጥቶ አንኮበር ሲደርስ ንጉሡ ሐረር ዘምተው ነበር። ከዚያ ራምቦ የጠመንጃና የጥይት መሥሪያ ዕቃዎችን በኦቦክ አሳልፎ ሸዋ ለማስገባት ለፈረንሳይ መንግሥት አመለከተ፤ በ1880 ፈቃድ ተሰጠው፣ ሳይውል ሳያድር ታገደበት። አየህ፣ መሥሪያው ከገባ ጠመንጃው እንደገባ የሚቆጠር መሆኑን ያኔም ያውቁ ነበር።

የባሰው ኋላ መጣ። በ1927 ኢጣሊያ ለወረራ ስትሰናዳ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም አሉ። ኢጣሊያ ፋብሪካ ነበራት፤ እኛ አልነበረንም። ማይጨው ላይ የሆነውን አያቶችህ በደማቸው ከፈሉት። ያ ሕግ ግን ሌሎች በእኛ ላይ ያወጡት ነበር። የዛሬው የራሳችን ነው፤ ቢጎድል እናስሞላዋለን፣ ቢጠም እናቃናዋለን እንጂ የታጁራን ቂም ይዘን ጥይት አንጭንም።

፬. የላኪውን መታወቂያ ሳታይ አትቀበል። ዕቃው እሱ ፊት ይፈታ፤ ደረሰኙ ላይ “ልዩ ልዩ” ብለህ አትጻፍ፣ አንድ በአንድ ጻፍ። ባለ ዝምድናም ቢሆን፣ ባለ ሥልጣንም ቢሆን። የተጠራጠርከውን ብቻህን አትነካካ፤ ለአለቃህ ንገር፣ አለቃህም ለፖሊስ ያመልክት። ለአንድ ካርቶን የሚጨመርልህ ጉርሻ ከበዛ፣ ዋጋው የጉዞው ሳይሆን የዝምታህ ነው።

፭. መንዝና ተጉለት ጠመንጃ ከአባት ለልጅ የሚወረስበት አገር ነው። ፈቃድ ያለው ገበሬ የአባቱ ምንሽር ተሰብሮበት ማሠሪያ ፍለጋ ቢመጣ እንደ ወንበዴ አትየው፤ “አባቴ” ብለህ አስቀምጠው፣ ለጥገናውም ለዕቃውም አስቀድሞ ከፖሊስ ፈቃድ እንዲጠይቅ አስረዳው። ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ ቁጥሩን መዝግበህ ተቀበለው። ወረቀት ከሌለው ግን ዕቃው ደጃፍህን አይለፍ፤ ቢቆጣህም፣ ቢረግምህም።