ላዩ ላይ የተወለደበት ልጅ

“ሕፃኗ ከተወለደች ወዲህ የልጄ ጠባይ ተለወጠ። ትቶት የነበረውን መኝታ ላይ መሽናት እንደገና ጀመረ፤ ሳጠባት እየመጣ ፀጉሯን ይጎትታል።” ቤት ለቤት ስንዞር እናቶች እንዲህ ሲሉ እንሰማለን። ልጁ ባለጌ ሆኖ አይደለም፤ ቀንቶ ነው።

እስቲ በእርሱ ቦታ ሆናችሁ አስቡት። እስከ ትናንት ጡቱም ጀርባውም የእርሱ ነበር። ዛሬ ግን ጠያቂው ሁሉ የሚያየው አራሷንና ሕፃኗን ነው። በአንድ ክፍል የካምፕ ቤት ውስጥ ደግሞ የሚደበቅ ነገር የለም፤ ሁሉን ያያል። የሁለትና የሦስት ዓመት ልጅ የተሰማውን በቃል መናገር ስለማይችል በልቅሶ፣ በመማታት ወይም እንደ ሕፃን በመሆን ይገልጸዋል።

ስለዚህ ገና እርጉዝ ሳላችሁ ንገሩት፤ ሆዳችሁን ያስነኩት። ጡት ማስጣልንና መኝታ መለየትን ከወሊዱ ሳምንት ጋር አታጋጥሙ። ጎረቤቶችም “እናትህን ቀማችህ!” እያላችሁ አትቀልዱበት፤ ለእናንተ ጨዋታ ነው፣ ለእርሱ ግን የምር ነው። ሕፃኗን ቢመታ እጁን ያዙና “መምታት የለም፤ ያማታል” በሉት። ብትመቱት ግን በእርሷ ምክንያት መመታቱን ብቻ ነው የሚማረው። ቅናቱ እስኪበርድለት ሁለቱን ብቻቸውን ትታችሁ ውኃ ልትቀዱ አትሂዱ። ጨርቅ አቀብለኝ ማለት፣ ስታጠቡም በጎናችሁ አስቀምጦ ተረት መንገር ይረዳል። አባቶች፣ ይህ ወቅት የእናንተ ነው፤ ትልቁን ልጅ ራሽን ልትቀበሉ ስትሄዱ ይዛችሁት ውጡ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ኳሺዮርኮር የሚባለውን ሰውነት የሚያሳብጥ የምግብ እጥረት በሽታ ሰምታችሁ ይሆናል። ስሙ የመጣው ከጋና የጋ ቋንቋ ነው። በዚያ አገር ትሠራ የነበረችው ሐኪም ሲስሊ ዊሊያምስ በ1935 እ.ኤ.አ. ቃሉን ለሕክምናው ዓለም ስታስተዋውቅ፣ ታናሽ ሲወለድ ከቦታው የተነሣ ልጅ የሚይዘው በሽታ ማለት እንደሆነ ገልጻለች። የጋ እናቶች ከሐኪሞቹ ቀድመው አውቀውታል ማለት ነው። በሽታውን ቅናት አያመጣውም። ነገር ግን ያ ልጅ በድንገት ጡት ይጥላል፣ ገንፎ ብቻ ይቀርብለታል፣ እናቱም አራስ ስለሆነች መብላት አለመብላቱን የሚያይ አይኖርም።

በማርገዛችሁ ብቻ ጡት አታስጥሉ፤ ጤነኛ እርጉዝ እናት አብዛኛውን ጊዜ ማጥባት ትችላለች። የዓለም ጤና ድርጅት ጡት እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ እንዲቀጥል ይመክራል። ከወለዳችሁ በኋላ ሁለቱም የሚጠቡ ከሆነ አዲሷ ትቅደም። ለትልቁ ምግቡን በራሱ ሳህን ስጡት፣ ሲበላም አንድ ሰው አጠገቡ ይቀመጥ።

“ቅናት ነው፣ ይተወዋል” ብላችሁ የማትጠብቁባቸው ምልክቶች አሉ። ልጁ ምግብ እንቢ ካለ፣ ከጨዋታ ርቆ ከፈዘዘ ወይም ፀጉሩ ከሳሳ አስመርምሩት። ሁለቱንም እግሮቹን ከላይ በኩል በአውራ ጣት ለ3 ሰከንድ ተጫኑ፤ ጉድጓዱ ከቀረ እብጠት ነው። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ የክንድ መለኪያው ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ ነው፤ ከዚያ እስከ 12.5 ቢጫ። ቢጫ ከሆነ ለምግብ ክትትል አስመዝግቡት። ቀይ ወይም እብጠት ካያችሁ ግን በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ሕፃኗን ጎረቤት ይዛላችሁ ትከተል።