በብርድ ወራት ወፎችን ስለ መመገብ

በኢትዮጵያ ክረምት ሲባል ዝናም የሚዘንብበት፣ ምድርም የምትለመልምበት ወራት ነው። በሰሜን አውሮፓ በምትገኘው በስዊድን አገር ግን ክረምት የብርድ ወራት ነው። በዚያ ወራት አመዳይ እንደ ተነደፈ ጥጥ ሆኖ ከሰማይ ይወርዳል፤ ሜዳውንና የቤቱን ጣራ ይሸፍናል። የሐይቁ ውኃ ረግቶ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ሰውም በላዩ ይሄዳል። የብዙው ዛፍ ቅጠል ይረግፋል፤ ትሉና ነፍሳቱም ከዓይን ይሰወራሉ። በታኅሣሥ ወር በዋናው ከተማ በስቶክሆልም ፀሐይ የምትታየው ለ6 ሰዓት ያህል ብቻ ነው።

ይህ ወራት ሲቀርብ ብዙ ወፎች አገሩን ትተው ወደ ሙቅ አገር ይሄዳሉ። ሽመላ ከአውሮፓ ተነሥታ ወደ አፍሪካ ትወርዳለች፤ በኢትዮጵያም ሜዳ ላይ ትታያለች። በመስክ ውስጥ በከብቶች እግር ሥር ጅራቷን እየነቀነቀች ነፍሳት የምትለቅም፣ ሆዷ ቢጫ የሆነች ትንሽ ወፍም ከሰሜን አገሮች የመጣች እንግዳ ናት። ነገር ግን ወፎች ሁሉ አይሰደዱም። በዚያው በብርዱ አገር የሚቀሩም አሉ።

ከሚቀሩትም አንዲቱ ራሷ ጥቁር፣ ጉንጯ ነጭ፣ ሆዷ ቢጫ የሆነች ወፍ ናት። ስዊድኖች ታልጎክሴ ይሏታል። የስሟ መጀመሪያ በቋንቋቸው ሞራ ማለት ነው፤ በብርድ ወራት ሞራ መብላት ትወዳለችና። ክብደቷ 20 ግራም ያህል ብቻ ነው። የሰውነቷ ሙቀት ግን ከሰው ሙቀት ይበልጣል፤ 40 ዲግሪ ያህል ነው። ይህን ሙቀት ለመጠበቅ ላባዋን ትነፋለች፤ በላባዋም መካከል የሚቀረው አየር፣ ሰው በብርድ ጊዜ ጋቢ እንደሚደርብ ሆኖ ያሞቃታል። በቀን የበላችው ምግብ በሥጋዋ ውስጥ ስብ ይሆናል፤ ስቡም ሌሊቱን ሙሉ እንደ መብራት ዘይት እየነደደ ያሞቃታል። ሳይነጋ ዘይቱ ያለቀ እንደ ሆነ ግን መብራቱ ይጠፋል።

ከድንቢጥ የምታንስ፣ ክብደቷ 10 ግራም ያህል የሆነች ሌላ ወፍ ደግሞ አለች። ይህች ወፍ በቀን ብቻዋን መኖር ትወዳለች፤ በብርቱ ብርድ ሌሊት ግን ከጓደኞቿ ጋር ተጠጋግታ ታድራለች። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1969 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር፣ ኖርፎክ በሚባል ስፍራ፣ በአንዲት ትንሽ የእንጨት ሣጥን ውስጥ 61 የሚሆኑ እንደዚህ ያሉ ወፎች ባንድነት አድረው ተገኙ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለ፣ ታናናሾቹ ተባብረው ብርዱን አሸነፉት። ነገር ግን ሁልጊዜ አያሸንፉም። በ1963 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በዚያች አገር ብርዱ እጅግ ስለ በረታ ከእነዚህ ወፎች የሚበዙት አለቁ።

ስለዚህ በእነዚያ አገሮች የሚኖሩ ብዙ ሰዎች በብርድ ወራት ለወፎች ምግብ ማኖርን ልማድ አደረጉ። በስዊድንና በኖርዌይ ገበሬው በመከር ጊዜ አንድ ነዶ አጃ ይለያል። የልደት በዓል ሲደርስም ነዶውን በረጅም እንጨት ላይ አስሮ በደጁ ያቆመዋል፤ ወፎችም መጥተው ፍሬውን ይለቅማሉ። ሰው በበዓሉ ቀን በማዕዱ ደስ ሲለው፣ በውጭ ያሉት ፍጥረቶች እንዳይረሱ ይህ መልካም ሥርዓት ሆነ።

በዚያ አገር በአንዲት መንደር አንድ ልጅ ከአያቱ ጋር ይኖር ነበር። በልደት በዓል አያቱ ነዶውን ሲያቆሙ አይቶ፣ እርሱም በተራው ከዛፍ ላይ ጣውላ አሰረ። በጣውላው ላይም የፈረንጅ ሱፍ ፍሬና ጥቂት ሞራ አኖረ። ወፎቹም በመጀመሪያ ፈሩ፤ ከዚያ በኋላ ግን ለመዱ፤ ጧት ጧት ገና ሳይነጋ በዛፉ ላይ ይጠብቁት ጀመር። ልጁም እጅግ ደስ አለው።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግን ሐይቁ ረጋ፤ የመንደሩም ልጆች በላዩ እየተንሸራተቱ ይጫወቱ ጀመር። ልጁ ጧት ተነሥቶ ወደ ጨዋታው ይሮጥ ነበር፤ ጣውላውንም ሦስት ቀን ረሳው። በአራተኛው ቀን ትዝ ቢለው ፍሬ ይዞ ወደ ዛፉ ሄደ። ከዛፉም ሥር አንዲት ታልጎክሴ ሞታ በአመዳዩ ላይ ወድቃ አገኛት። አንሥቶም በመዳፉ ያዛት፤ እንደ ላባ ቀላል ነበረች።

እያለቀሰም ወደ አያቱ ገባና፣ «አያቴ ሆይ፣ ይህችን ወፍ የገደልኋት እኔ ነኝን?» ብሎ ጠየቃቸው።

አያቱም፣ «ልጄ፣ በምን እንደ ሞተች እግዚአብሔር ያውቃል። ወፎች ምግባቸውን በአንድ ስፍራ ብቻ አይፈልጉም፤ በዛፉ ቅርፊት ውስጥም ይለቅማሉ። ስለዚህ ገደልኻት አልልህም። ነገር ግን ማንበብ ተምረሃልና፣ ና፣ በጣውላው ላይ የተጻፈውን አንብብ» አሉት።

ልጁም ወጥቶ ተመለከተ። በጣውላው ላይ ሌሊት የወረደ ቀጭን አመዳይ ነበረ፤ በአመዳዩም ላይ የወፎች የእግራቸው ምልክት እንደ ፊደል ታትሞ ይታይ ነበር። ምልክቱ ከጫፉ ይጀምራል፤ ወደ መካከል ይገባል፤ ወዲያና ወዲህ ይዞራል፤ ምንም ሳያገኝ ይመለሳል። ልጁ ይህን አነበበ፤ የሚናገረውም ቃል አጣ።

አያቱም፣ «ቀኑ አጭር ነው። ወፊቱ ባዶ ማዕድ ስትጠብቅ የምታጠፋው ሰዓት ከዚያው ከአጭሩ ቀን ይቀነሳል። ባትጠራት ኖሮ ወደ ሌላ ስፍራ በሄደች ነበር። አንተ ግን ጠራሃት፤ የጠራ ሰው ደግሞ ማዕዱን አይረሳም» አሉት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ በየጧቱ ከቁርሱ በፊት ወደ ጣውላው ይሄድ ነበር። ድመት ተደብቃ እንዳትይዛቸውም ጣውላውን ከቍጥቋጦ አርቆ ሰቀለው። ጨው የገባበትን ምግብ አላኖረም፤ ጨው ለወፎች ጎጂ ነውና። አንድ ቀን ግን ብዙ ፍሬ ቢያፈስላቸው ረጥቦ ሻገተ። አያቱም የሻገተውን ጠርገው ጣሉ፤ ጣውላውን በፈላ ውኃ አጠቡና፣ «በየቀኑ የሚበሉትን ያህል ብቻ ስጥ፤ ማዕዳቸውንም እንደ ማዕድህ አንጻ» ብለው አዘዙት።

ይህ ትእዛዝ ከንቱ አልነበረም። በእንግሊዝ አገር ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ላባቸው አረንጓዴ የሆነ ወፎችን የሚገድል በሽታ ተነሣ። በሽታው የወፊቱን ጉሮሮ ይይዛል፤ ምግብ መዋጥም ይሳናታል። የታመመችው በነካችው ምግብና ውኃ ወደ ጤነኞቹ ይተላለፋል። ስለዚህ ብዙ ወፎች በሚሰበሰቡበት ባልጸዳ ማዕድ ሞት ይበዛል። እነዚያም ወፎች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቍጥራቸው እጅግ ጎደለ። ማዕዱን የዘረጉት ሰዎች ክፉ አላሰቡም፤ ዕውቀት የጎደለው ቸርነት ግን ሊጎዳ ይችላል።

የብርዱ ወራት አልፎ ቅጠል በለመለመ ጊዜ፣ ታልጎክሴዎች በልጁ ቤት አጠገብ ጫጩት ፈለፈሉ። ለጫጩቶቻቸውም ከፍሬው ዛፍ ላይ ትል እየለቀሙ ሲያመላልሱ ልጁ አያቸው። በብርድ ቀን ጥቂት ፍሬ የተቀበሉት ወፎች፣ በሙቀት ቀን የአያቱን ዛፍ ከትል ይጠብቁ ነበር።

ልጆች ሆይ፣ በኢትዮጵያ እንዲህ ያለ አመዳይ በየደጁ አይወርድም። እህል የሚጠብቅ ልጅም ወፎችን ከማሳው ማባረሩ ሥራው ነው፤ ቤተ ሰቡ የሚኖርበት እህል ነውና አይነቀፍም። ነገር ግን ለጨዋታ ብሎ ወንጭፍ አንሥቶ በዛፍ ላይ ያለችውን ወፍ መግደል ጭካኔ ነው። በበጋ ምንጩ ሲደርቅ በገል ላይ ጥቂት ንጹሕ ውኃ በጥላ ሥር ማኖር፣ ውኃውንም በየቀኑ መለወጥ፣ ታናሽ ልጅ ሊሠራው የሚችል በጎ ሥራ ነው። በጎ ሥራ መጀመር ለሁሉ ይቀላል፤ በጎነቱ የሚታወቀው ግን ጨዋታው በሚጠራበት በአራተኛው ቀን ነው።

ጥያቄ።

1. በብርድ ወራት ትንሽ ወፍ ሌሊቱን የምታድረው በምን ኃይል ነው?
2. ልጁ በጣውላው ላይ ምን አነበበ?
3. አያቱ «ገደልኻት አልልህም» ያሉት ስለ ምን ነው? ከዚያስ በኋላ ምን መከሩት?
4. የወፎች ማዕድ ንጹሕ መሆን የሚገባው ስለ ምን ነው?