ሥራችሁ ያለ እናንተ አንድ ሳምንት ይቆማል?

የዛሬው ትምህርት ኮድ ከመጻፉ በፊት መሠራት ስላለበት ነገር ነው። በውጭ አገር የራሱን ሥራ የከፈተ ዘመድ ወይም ጓደኛ የሌለው ሐበሻ ጥቂት ነው፤ አንዱ እንጀራ ያከፋፍላል፣ ሌላው ምግብ ቤት አለው፣ ሌላዋ ዕቃ ወደ አገር ቤት ትልካለች። ገበያው ሲደራ ባለቤቱ ደስ ይለዋል። ብዙ ሳይቆይ ግን ስልኩ አላስተኛ ይለዋል፤ አገር ቤት ለቅሶ ቢደርስበት እንኳ ሥራውን ለማን ትቶ እንደሚሄድ ይጨንቀዋል። በዚህ ጊዜ ኮምፒዩተር የሚያውቅ ዘመዱን ጠርቶ «እስቲ አንድ አፕ ሥራልኝ» ይለዋል። የተጠራችሁት እናንተ ከሆናችሁ፣ አፑ የመጨረሻው ደረጃ መሆኑን ከወዲሁ እወቁ።

ችግሩ የት ነው?

እንጀራ ጋግራ ለሱቆች የምታከፋፍል አንዲት ሴት አለች እንበል። ሊጡ አብሲት የሚጣልለት መቼ እንደሆነ፣ ብርድ ሲገባ ለመቡካት ምን ያህል እንደሚቆይ፣ የትኛው ሱቅ በዱቤ እንደሚወስድ፣ የትኛው ደንበኛ «በ3 ሰዓት አምጡልኝ» ሲል ጠዋት 9 ማለቱ እንደሆነ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። በእኛ ሙያ ይህ መጠባበቂያ የሌለው ሰርቨር ነው። ሠራተኛ ብትጨምር የሚጠይቃት ሰው ይበዛል እንጂ ሥራው አይቀልላትም።

በሶፍትዌር ዓለም የታወቀ ምሳሌ አለ። የፓይተን ፈጣሪ ጊዶ ቫን ሮሰም ስለ ቋንቋው ለረጅም ዓመታት የመጨረሻውን ውሳኔ ይሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2018 ከዚህ ኃላፊነት መውጣቱን አስታወቀ፤ ተተኪም አልሾመም። ፓይተን ግን አልቆመም። ከ2000 ጀምሮ ትልልቅ የለውጥ ሐሳቦች «ፔፕ» በሚባሉ ሰነዶች ከነምክንያታቸው ይጻፉ ነበርና አልሚዎቹ የአስተዳደር አማራጮችንም በዚያው መንገድ ጽፈው ድምፅ ሰጡባቸው። በ2019 መጀመሪያም አምስት አባላት ያሉት መሪ ምክር ቤት መረጡ። ልብ በሉ፦ የተጻፈው አሠራር ወዲያው አገለገለ፤ ያልተጻፈው፣ ማለትም ከእሱ በኋላ ማን ይወስናል የሚለው፣ ወራት ፈጀ።

ደረጃ በደረጃ እንሥራው

1. ጥያቄዎችን መዝግቡ። ለአንድ ሳምንት ባለቤቷን የሚጠይቋትን ሁሉ በደብተር ያዙ፦ ማን ጠየቀ? ምን ጠየቀ? ምን መለሰችለት? በሳምንቱ መጨረሻ የሚደጋገሙትን ለዩ። መጀመሪያ መጻፍ ያለባቸው እነሱ ናቸው።

2. አሠራሩን ጻፉ፤ ከዚያ በአዲስ ሰው ፈትኑት። ሥራውን የማያውቅ ሰው ጽሑፉን ይዞ ይሥራ፤ ባለቤቷ አጠገቡ ቆማ ዝም ትበል። ግራ የተጋባበት ቦታ ላይ የጎደለው ጽሑፉ ነው፤ ሰውየውን አትውቀሱ። «ሊጡ ሲደርስ» የሚለው አይበቃም። ሲደርስ ምን ይመስላል? ምን ይሸታል? ፎቶ ጨምሩበት።

3. የውሳኔ ወሰን ስጡ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። ሠራተኛው ሥራውን ቢያውቅም የመወሰን ሥልጣን ከሌለው መደወሉ አይቀርም። «እንጀራው ተበላሽቶ ከደረሰ እስከዚህ ብር ድረስ ሳትጠይቅ መልስ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ደውል» ተብሎ በቁጥር ይጻፍ። የባንክ ፊርማና ግብር ባለቤቷ ዘንድ ይቆዩ። ለእያንዳንዱ ሠራተኛም የራሱ መለያና የይለፍ ቃል ይሰጠው፤ የእሷ ለማንም አይሰጥ።

4. አሁን ወደ ኮምፒዩተሩ ሂዱ። ለመጀመሪያው ጊዜ አንድ የጋራ ሰንጠረዥ ይበቃል፦ ደንበኛ፣ ብዛት፣ ቀን፣ ሰዓት፣ የተከፈለ፣ ቀሪ። በአማርኛ ሲሠራ ግን ሦስት ወጥመዶች አሉ። አንደኛ፣ ሰዓቱ በሐበሻ ይሁን በፈረንጅ በግልጽ ይመረጥ፤ አለዚያ ዕቃው በስድስት ሰዓት ልዩነት ይደርሳል። ሁለተኛ፣ ሁለተኛው ስም የአባት እንጂ የቤተሰብ ስም ስላልሆነ ደንበኛን በስልክ ቁጥር ለዩ። ሦስተኛ፣ ዩኒኮድ ለሀ፣ ለሐ እና ለኀ የተለያየ ቁጥር ስለሚሰጥ «ሀይሉ»፣ «ሐይሉ» እና «ኃይሉ» ለኮምፒዩተሩ ሦስት ሰዎች ናቸው። ስሙን እንደተጻፈ አስቀምጡ፤ ሲፈለግ ግን ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ መልሱ። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ ናቸው።

5. ባለቤቷ ትጥፋ። መልሶ ተከፍቶ ያልታየ የመረጃ ቅጂ አይታመንም፤ አሠራርም እንደዚያው ነው። መጀመሪያ ግማሽ ቀን፣ ቀጥሎ አንድ ቀን፣ ቀጥሎ ሳምንት ስልኳን ዘግታ ትቅር። ስትመለስ ማን አጠፋ ብላ አትጠይቅ፤ የቱ አልተጻፈም ብላ ትጠይቅ። መልሱን ጽፋ ደግማ ትሞክር።

ብዙ ባለቤቶችን እዚህ የሚያቆማቸው ቴክኖሎጂ አይደለም። «እንደ እኔ አድርጎ የሚሠራ የለም» የሚለው ስሜት ነው። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሠራተኛው ሲጀምር እንደ እሷ አይሠራም። ግን የሚመዘነው እሷ ደህና ስትሆን ከምትሠራው ጋር ብቻ አይደለም፤ እሷ ስትታመም ከሚቀረው ሥራ ጋርም ነው። አባቶች «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው» ያሉት ለዚህ ነው። ሎሚው ያው ነው፤ የተለወጠው አያያዙ ነው።

የዚህ ሳምንት የቤት ሥራ፦ ሥራ ያለው አንድ ዘመዳችሁን ምረጡና የመጀመሪያውን ደረጃ ብቻ አብራችሁ ሥሩ። ደብተሩ ከሞላ በኋላ ምን ዓይነት አፕ እንደሚያስፈልገው፣ ወይም ጭራሽ እንደማያስፈልገው፣ ራሱ ይነግራችኋል።