እንቅልፍ፣ መሪና የተጎጂ ሐቅ

ቢስሚላሂ-ር-ረሕማኒ-ር-ረሒም።

የዛሬው የጁሙዓ ማስታወሻችን በየቀኑ ስለምንመላለስበት መንገድ ነው። ከቦሩ ሜዳ ደሴ፣ ከደሴ ኮምቦልቻ ቅርብ ነው፤ ግን ሐረጎን የወረደ ሁሉ ቁልቁለቱንና ጠመዝማዛውን ያውቀዋል። ሌሊቱን ከአዲስ አበባ ሲነዳ ያደረው፣ ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ ጭኖ የመጣው፣ ከወልድያ በሐይቅ በኩል የሚመጣው ሹፌር እዚሁ መንገድ ላይ ይገናኛል። በመጋቢት 2010 በዞናችን በለጋምቦ ወረዳ አንድ አውቶቡስ ገደል ገብቶ 38 ሰዎች አልቀዋል። ይህን የማነሳው የወሎ ገደል የአንድ አፍታ ስህተትን እንደማይምር ለማስታወስ ነው።

ከአደጋ በኋላ ቶሎ የሚሰማ ቃል አለ፦ «ቀደሩ ነው»። አጀል በአላህ እጅ መሆኑን እናምናለን። ነገር ግን ቀደር የሹፌሩን ኃላፊነትም፣ የተጎጂውን ሐቅም አይሰርዝም።

*1. እንቅልፍ በወኔ አይሸነፍም*

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከኸይበር ሲመለሱ ሌሊት አርፈው፣ ፈጅርን እንዲጠብቅ ቢላልን (ረ.ዐ) አደራ አሉት። ቢላል ሶላት ሲሰግድ ቆየ፤ ንጋቱ ሲቃረብ ግመሉን ተደግፎ ተቀመጠ፤ እንቅልፍ ወሰደው። ሁሉንም የቀሰቀሳቸው የፀሐይ ሙቀት ነበር። ይህን ሙስሊም ዘግቦታል። ቢላል ሰነፍ ነበር የሚል የለም። ቢላልን ያሸነፈ እንቅልፍ እኔንና አንተን አይምርም።

እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት፣ ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ደግሞ፣ በሶላት ላይ እያለ ያንጎላጀ ሰው እንቅልፉ እስኪለቀው እንዲተኛ ታዟል፤ ምሕረት እለምናለሁ ብሎ ራሱን ሊረግም ይችላልና። ልብ በሉ! በሶላት ላይ ያንጎላጀ ሰው የሚጎዳው የራሱን ዱዓ ነው፤ እሱም ተኛ ተባለ። ሃምሳ ሰው የጫነውስ?

በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ያህል ይጓዛል። ዓይን ለ4 ሰከንድ ቢከደን መኪናው 90 ሜትር ገደማ ያለ ሹፌር ሄደ ማለት ነው። 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ደግሞ ንቃቱ መጠጥ እንደቀመሰ ሰው እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። እኛ ኸምርን የምንጸየፍ ሰዎች ይህን ልናስብበት ይገባል።

እንቅልፍ በብዛት የሚበረታው ከሌሊቱ 8 እስከ 12 ሰዓት፣ ቀን ደግሞ ከምሳ በኋላ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነው። መስኮት መክፈትና ቴፕ ማስጮህ አያድንም። ጫትም ድካሙን ይሸፍነዋል እንጂ አያስወጣውም፤ ምርቃናው ሲያልፍ የተጠራቀመው እንቅልፍ በአንድ ጊዜ ይመጣል። ደጋግሞ ማዛጋት፣ ያለፉትን ኪሎ ሜትሮች አለማስታወስ፣ መስመር መሳት ምልክቶች ናቸው። መፍትሔው ከመንገድ ወጥቶ 20 ደቂቃ መተኛት ነው። ቡና ከጠጣህም ከመተኛትህ በፊት ጠጣ፤ ስትነቃ ይደርስልሃል።

ይህ የሹፌሩ ብቻ ጉዳይ አይደለም። ያለ ዕረፍት ምልልስ የሚያዝ ባለንብረት፣ «ቶሎ ንዳው» የሚል ተሳፋሪ፣ ሹፌሩ ሲያንጎላጅ እያየ ዝም የሚል ረዳት ሁሉም ይጠየቃሉ። «አቁመህ ትንሽ ተኛ፣ እንጠብቅሃለን» ማለት ሶደቃ ነው።

*2. «ሳላስበው ነው» ከዕዳ ያወጣል?*

አንዳንዱ «ከተኛ ሰው ላይ ብዕር ተነስቷል» የሚለውን ሐዲስ ይጠቅሳል። የተነሳው ወንጀሉ ነው፤ የሰው ሐቅ ግን አልተነሳም። የሐነፊ ፉቀሃዎች በእንቅልፍ ልቡ ተገላብጦ አጠገቡ ያለውን የገደለን ሰው በምሳሌ ያነሳሉ፤ ድርጊቱን እንደ ስህተት ግድያ ቆጥረው ዲያና ከፋራ አለበት ይላሉ። እንቅልፉ እየመጣ እንደሆነ አውቆ መንዳቱን የቀጠለማ ጥፋቱ ገና ሳይተኛ ጀምሯል። ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚም በ1993 እ.ኤ.አ ብሩናይ ላይ ባደረገው ጉባኤ፣ ሸሪዓን የማይጻረር የትራፊክ ደንብን ማክበር ግዴታ እንደሆነና አሽከርካሪ በስህተቱ ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ እንደሆነ ወስኗል።

በሱረቱ-ን-ኒሳእ አንቀጽ 92 አላህ በስህተት ለተገደለ ሙእሚን ካሳ ለቤተሰቡ እንዲሰጥ አዟል፤ ነፃ የሚያወጣው ባሪያ ያላገኘ ደግሞ ሁለት ተከታታይ ወር ይጾማል። ቤተሰቡ ይቅር ካለ ይቅርታው ሶደቃ ነው። ሶደቃ ግን የራስህ መሆኑን ካወቅኸው ነገር ነው የሚሰጠው። ስለዚህ ሽማግሌዎች ሆይ፣ ቤተሰቡ ሐቁን ሳያውቅ «ለአላህ ብላችሁ» እያላችሁ አታስፈርሙ። የየቲሞችን ድርሻ ደግሞ አጎትም ሆነ ሽማግሌ በነፃ ሊተውባቸው አይችልም።

*3. ለተጎዳ ሰው ያሉ መንገዶች*

• በመጀመሪያ ነፍስ ማዳን። ወደ 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ወይም ወደ 991 ፖሊስ ደውሉ። የሚደማውን በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርጋችሁ ያዙ። እሳት ወይም ሌላ አደጋ ከሌለ የተጎዳን ሰው በእጅና በእግሩ አትጎትቱ።

• አስቸኳይ ሕክምና መብት ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት የመኪና አደጋ ተጎጂ አስቸኳይ ሕክምና ማግኘት አለበት፤ ወጪው በሕግ እስከተወሰነው መጠን በ3ኛ ወገን መድን ይሸፈናል። «ገንዘብ የለንም» ብላችሁ ከሐኪም ቤት አታስቀሩት።

• ማስረጃ ያዙ። ታርጋውን፣ የመድን ሰጪውን ስም፣ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርቱን፣ የሕክምና ማስረጃውንና ደረሰኙን ሁሉ አስቀምጡ። ከባድ ጉዳት ከሆነ የሕክምና ቦርድ ማስረጃ ጠይቁ።

• መኪናው ካመለጠ ወይም መድን ከሌለው ተስፋ አትቁረጡ። ለዚህ ተብሎ የተቋቋመ የመድን ፈንድ አለ።

• የመድኑ ካሳ ጣሪያ አለው። ጉዳቱ ከዚያ ከበለጠ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 ባለመኪናው፣ የሚነዳው ሌላ ሰው ቢሆንም፣ ኃላፊ ነው። ክሱ በመደበኛው በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። «ሽምግልናው ይለቅ» እያሉ ስንት ቤተሰብ ጊዜው አልፎበታል!

ካሳ መጠየቅ ሶብር ማጣት አይደለም። እግሩን ያጣ አባወራ ልጆቹን የሚያበላበትን ሐቁን ቢጠይቅ ነውር የለበትም። ይቅር ካለም ምንዳው አላህ ዘንድ ነው።

ያ አላህ፣ መንገደኞቻችንን ጠብቅልን፤ የተጎዱትን አሽርልን፤ የሞቱትን ማርልን፤ በእጃችን ያለውን አማና የምንጠብቅ አድርገን። ኣሚን።

ዛሬ ከጁሙዓ በኋላ ለጉዞ ለሚነሳ ሹፌር ወዳጃችሁ አድርሱለት።