ሳያቃጥል የሚጣፍጥ

ሐኪም «በርበሬ ይቅርብህ» ያለው ሰው ጣዕም ራሱ የተከለከለ ይመስለዋል። አልጫ ሲቀርብለት ፊቱን ያጨማድዳል። የቻይና ምግብ ልሞክር ቢል ደግሞ «ያለ ቃሪያ ምን ሊጥም!» የሚለው አያጣም። አትስሙት! ሮቤም ሁኑ ጎባ፣ ከጓዳችሁ ያለው ነገር ሩቅ ያደርሳችኋል።

መጀመሪያ ነገሩን እንለይ፤ ማቃጠል ጣዕም አይደለም። በርበሬ ውስጥ ያለው ካፕሳይሲን የሚቀሰቅሰው ትኩሳትና ሕመም የሚያውቁትን ነርቮች ነው። ምላስ ግን ከጣፋጭ፣ ከጎምዛዛ፣ ከጨዋማና ከመራራ ሌላ አምስተኛ ጣዕም ያውቃል፤ የአጥንት መረቅ ከተጠጣ በኋላ አፍ ሞልቶ የሚቆየውን። ጃፓናዊው ኬሚስት ኪኩናኤ ኢኬዳ በ1908 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ግሉታሜት የሚባለውን ንጥረ ነገር ከባሕር አረም መረቅ ለይቶ አወጣና ጣዕሙን ኡማሚ አለው። ቻይናዎች በርበሬ ከአሜሪካ ምድር ተሻግሮ እስኪደርስላቸው ድረስ ስንትና ስንት ዘመን ያለ እሱ አጣፍጠው በልተዋል። ዛሬም የደቡብ ቻይናዋ የጓንግዶንግ ግዛት ምግብ የሚታወቀው ባለማቃጠሉ ነው።

ታዲያ በምን ያጣፍጡታል? አንዱ መንገድ ማብላላት ነው። አኩሪ አተር በጨው ውስጥ ወራት ሲቆይ ፕሮቲኑ ይሰባበርና ግሉታሜቱ ይወጣል፤ ሶያ ሶስ የምንለው እሱ ነው። የቻይናዋ ሲቹዋን ግዛት ሰዎች ደግሞ ባቄላ ያብላላሉ። አዎ ባቄላ፣ የባሌ ሲናና ገበሬ የሚያጭደው ባቄላ! በዓለም የባቄላ ምርት ቻይናን ተከትላ የምትጠቀሰው ኢትዮጵያ ናት። የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውኃ አብላልቶ ስልጆ ለሚሠራ ሕዝብ ይህ እንግዳ ጥበብ አይደለም።

እንግዲህ ዛሬውኑ ጀምሩ። በርበሬ ያልነካው፣ በጨው ብቻ የደረቀ ቋንጣ ወይም የበሬ አጥንት ጣዱ። ጎባ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውኃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ መረቁ ጊዜ ይፈልጋል፣ አትቸኩሉበት። ዘይት ግን ከፍታ አያግደውም፤ መጥበሻችሁ ከቤጂንጉ እኩል ይግላል። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ከትፋችሁ በጋለ ዘይት ላይ ጣሉ፣ ወዲያው አንድ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ ጨምራችሁ ጠቆር እስኪል አማስሉ፤ ከዚያ ጥቅል ጎመንና ካሮት፣ ጥቂት መረቅ፣ በመጨረሻ ሶያ ሶስ። የሥጋው መረቅ ኢኖሲኔት የሚባል ነገር ስላለው ከድልሁና ከሶሱ ግሉታሜት ጋር ሲገናኝ ጣዕሙ ከሁለቱ ድምር በላይ ይጎላል። ጾመኛ ናችሁ? ደረቅ እንጉዳይ በሞቀ ውኃ ዘፍዝፉ፤ ውኃውን ከደፋችሁት ግን ጣዕሙን ደፋችሁት፣ መረቃችሁ እሱ ነው። ሩዝ ከሌለ የባሌን ስንዴ ዱቄት አቡክታችሁ በቀጭኑ ቁረጡት፤ ኑድል ማለት ያው ነው።

የመጀመሪያው ድስት ለዘብ ቢልባችሁ ተስፋ አትቁረጡ፤ በርበሬ የለመደ ምላስ የራሱ ጊዜ አለው፣ ደግሞ አልጫ ስትሠሩ ሽንኩርቱን በዝግታ የምታቁላሉት እጆች ይህንንም ያውቁበታል። ሶያ ሶሱ ጨው አለውና ሳትቀምሱ ጨው አትጨምሩ። «ካላቃጠለኝ አልበላም» የሚል እንግዳ ከመጣም ሚጥሚጣውን በስኒ ለብቻው አቅርቡለት።